ናሎንጎ ማይኩን አትለቅም

ከተማችን ሉካያ አዲስ ነገር አይገባትም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወደ እኔ ላኩት። አውቶቡሶቹ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት፣ ከቪዲዮ ቤቱ በር ጎን ሙዝ ስጠብስ ያገኘኛል። ስሜ ናካይዛ ነው፤ ማንንም ቢጠይቅ ያሳየዋል። ሞባይል ስልክ የመጣ ጊዜ እኮ ከማሳካ ከተማ ነጋዴዎች እኩል ነው የያዝነው። የባትሪ ሬዲዮውንም፣ የፀሐይ መብራቱንም፣ ጀሪካኑንም ማንም ሳይለምነን ተቀብለናል። የሚያፏጨውን ድስት ግን መለስነው። ማቶኬ፣ ያ የምንቀቅለው ጥሬ ሙዝ፣ በቅጠሉ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ ካልበሰለ ምኑን ማቶኬ ሆነ? ሻጩ ጊዜ ይቆጥብላችኋል አለን። ጊዜ አጠረን ብለን መች ነገርነው? የምንቀበለውም የምንመልሰውም በምክንያት ነው፤ ምክንያታችንን ሳይጠይቅ ኋላ ቀር የሚለን ሰው ደሜን ያፈላዋል።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ስለ ናሎንጎ ላወራ ስለፈለግሁ ነው። ሲዲ ወደ ሉካያ የገባ ጊዜ እሷ እምቢ አለች፣ ደንቆሮ ናት ብለው ያወሩ ሰዎች አሁንም አሉ። እምቢ ያለችው ምኑን እንደሆነ ግን አያውቁም።

ወላጆቿ ያወጡላት ስም ናቦሳ ነው። እኛ ዘንድ መንታ የወለደች ሴት የቀድሞ ስሟ ይቀርና ናሎንጎ ትባላለች፤ ባሏም ሳሎንጎ ይሆናል። ከካሉንጉ በሙሽርነት ስትመጣ ቀጭን፣ ዝምተኛ የምትመስል ልጅ ነበረች። ዝምታዋ ግን መንታ ሴት ልጆቿን እስክትወልድ ድረስ ብቻ ነው የቆየው። ባሏ ከአባቱ የወረሰው የቡና መጋዘን ነበረው። ቡናው ዋጋ ሲያጣ መጋዘኑን ጠርጎ አግዳሚ ደረደረበት፤ ቴሌቪዥን፣ ዴክና ጄኔሬተር ገዝቶ ቪዲዮ ቤት አደረገው። እነሱ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለችው ክፍል ይኖሩ ነበር።

ያኔ ፊልሙን የሚተርክልን ኪጉንዱ የሚባል ወጣት ነበር። ከቴሌቪዥኑ ጎን ማይክ ይዞ ይቀመጥና ቻይናዎቹም ህንዶቹም የሚሉትን በእኛ ቋንቋ ይነግረናል። ቻይንኛም ህንድኛም አይችልም። ማንም ይህን ያውቃል፤ ማንንም አልቸገረም። ናሎንጎ በሩ ላይ ገንዘብ ከተቀበለች በኋላ ከኋላ አግዳሚ ትቀመጥና ለጎረቤቷ በሹክሹክታ የራሷን ታሪክ ትነግራት ነበር። ቀስ በቀስ ሰው ከፊት እየተነሳ ወደ ኋላ መጠጋት ጀመረ። ኪጉንዱ ፊት ለፊቱ ባዶ አግዳሚ ሲያይ ነው የነቃው።

የናሎንጎ ጥበብ ይህ ነበር፦ በፊልሙ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ጎሳ ትሰጠዋለች። እኛ ሰው ስንተዋወቅ ከስማችን ቀጥሎ ጎሳችንን፣ ከዚያ የአባትና የአያታችንን ስም እንናገራለን። ጎሳው ያልታወቀ ሰው ሲደበደብ ብናይ የማን ልጅ ብለን እናዝናለን? እሷ ግን ያ መላጣ ቻይና የዝሆን ጎሳ ነው ስትል በቤቱ ያለ የዝሆን ልጅ ሁሉ ከአግዳሚው ብድግ ይላል። ጠላቱን ለጦጣ ከሰጠችው ደግሞ ጦጣዎቹ ስማችን ጠፋ ብለው ይቆጣሉ፣ ፊልሙ ሲያልቅም በር ላይ ክርክር ነው። ኪጉንዱ ይህን ሰምቶ ሳያፍር ወደ ማይኩ ወሰደው። በዚሁ ስሙ ገነነና ካምፓላ ጠሩት። አንድ ቀን ሻንጣውን ይዞ አውቶቡስ ተሳፈረ፤ ከእኔ የተጠበሰ ሙዝ ገዝቶ፣ ናሎንጎን ደህና ሁኚ እንኳ ሳይላት።

በዚያው ዕለት ከሰዓት ቤቱ ሞልቶ ሳለ ተራኪ የለም። ሳሎንጎ ግንባሩን ይዞ ቁጭ ሲል እሷ ማይኩን አነሳች። ሳቅ በሳቅ ሆነ። ሴት ካራቴ ልትተርክ ነው ብሎ ከሁሉ በላይ የሳቀው አንድ ሥጋ ሻጭ ነበር።

«ከኋላ የሚስቀው ሰውዬ» አለች በማይኩ፣ «ትናንት ሚስቱ ስትጠራው በጓሮ ሲሮጥ ያየሁት ነው። ይቀመጥና ይመልከት፤ ይሄኛውም አሁን ሊሮጥ ነው፣ ግን በደንብ ነው የሚሮጠው።»

ሥጋ ሻጩ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ በእሷ ላይ የሳቀ የለም፤ ከእሷ ጋር ነው የምንስቀው።

አትሳሳትም ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ የህንድ ፊልም ስትተርክ ልጁን የእንጉዳይ ጎሳ ብላው ነበር፤ ፊልሙ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ልጅቷንም ሳታስበው እንጉዳይ አደረገቻት። ሊጋቡ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ጎሳ ወንድምና እህት ነው፤ መጋባት አይደለም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲዘፍኑ ማየቱም ይቀፋል። ከመሃል አንዲት ሴት ብድግ ብላ፣ ናሎንጎ ምን እያደረግሽን ነው፣ እህቱ እኮ ናት ብላ ጮኸች። ናሎንጎ ፊልሙን አላቆመችም። ታገሱኝ፣ ልጁ እንጉዳዮች ቤት አደገ እንጂ አባቱ ነብር ነው፣ ይህን የምታውቅ አንዲት አሮጊት አለች አለች። በአምላክ ሥራ ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት አሮጊት እንባዋን እየጠረገች ብቅ አለች። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ያቺ ምስኪን ህንድ ለምን እንዳለቀሰች እስከ ዛሬ አናውቅም።

ሳሎንጎ ከሞተ በኋላም፣ መንታዎቹ ባቢርዬና ናካቶ አግብተው በየፊናቸው ከሄዱ በኋላም እንዲሁ ቀጠለች። ካሴቱ ሲላላ በብዕር ታጠነክረዋለች፣ ዴኩ ሲበላባት በመቀስ ቆርጣ ትቀጥለዋለች። የፌንጣ ወቅት ሲደርስ ሰው የተጠበሰ ፌንጣ በወረቀት ቋጥሮ እየቆረጠመ ይገባል። እሷ የፌንጣ ጎሳ ልጅ ናት፤ አትበላም። ሴት አግብታ የባሏን ጎሳ አትይዝምና የአባቷን እንደያዘች ነው። ፊልሙን ታቆምና፣ «እዚያ ጋ ዘመዶቼን የምታኝኩ፣ አፋችሁን ዘግታችሁ አኝኩ፤ ቢያንስ ለቅሶ ላይ እንዳለ ሰው ሁኑ» ትላለች። ሰው ይስቅና ይበልጥ ይቆረጥማል።

ነገሩ የመጣውም በፌንጣ ወቅት ነው። የባሏ ወንድም ሉታያ ሰቡንያ የሚባል የማሳካ ልጅ አስከትሎ መጣ። ሰቡንያን ክፉ ልጅ ነው ብዬ ልከሰው አልችልም፤ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሰላምታ የሚያውቅ ልጅ ነው። በብብቱ የሲዲ ማጫወቻ ይዟል። ከኋላቸው አንድ ካርቶን ሙሉ ሲዲ በብስክሌት መጣ። ካሴት አይደለም፣ ኪጉንዱ ካምፓላ ቁጭ ብሎ ድምፁን ያስቀረጸበት ሲዲ ነው። ማስገባት ብቻ ነው፤ ተራኪው ውስጡ አለ።

ናሎንጎ ከበሩ ወጥታ በወጉ ተንበረከከች። እኛ ሴቶች ወንድ ሰላም ስንል እንበረከካለን፤ ናሎንጎ ደግሞ ማንንም ያላሳነሰች ሴት ናት። እንደምን ዋሉ ሰቦ አለችው፤ ጌታዬ እንደማለት ነው። እኔ ሙዜን እያገላበጥኩ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ማገላበጡን ተውኩት።

«ከቅዳሜ ጀምሮ ቤቱን ሰቡንያ ይይዘዋል» አለ ሉታያ። «አንቺም እረፊ። ጉሮሮሽ ደክሟል።»

ናሎንጎ ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። «ጉሮሮዬ ነግሮዎት ነው?»

«ዘመኑ ነው የነገረኝ። ማሳካ ውስጥ በዴክ የሚያሳይ ቤት የለም። ደግሞ ቤቱ የዝሆን ጎሳ ነው፤ አባታችን የሠራው ነው። ወንድሜ ሞቷል፣ ልጆቹም ሴቶች ናቸው፣ አግብተዋል። አንቺ ፌንጣ ነሽ። ወቅቱ ሲያልፍ ካሉንጉ አባትሽ ቤት ብትሄጂ የሚያስቀይምሽ የለም። እዚህ ምን ቀረሽ?»

«ማይኩ ቀረኝ» አለችው።

ገብታ ማይኩን ከነገመዱ ፈታች፤ በቀሚሷ መቀነት ጠቅልላ እንደ ሕፃን ጎኗ አስገባችው። ሉታያ ክፍሏን እስከ ወቅቱ መጨረሻ እንደሚተውላት ነገራት። አመሰግናለሁ አላለችም። ያን ቀን ሙዝ የገዛኝ ሁሉ ያረረ ነው የበላው፤ ይብላ ብዬ ነው የሸጥኩለትም።

ማታውን ለጎሳ ሽማግሌዎች ክሰሺው አልኳት። የዝሆን ሽማግሌዎች የሉታያ አጎቶች ናቸው፣ የፌንጣዎቹ ደግሞ በዝሆን ቤት ምን አገባን ይላሉ አለችኝ። ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው ብላት፣ ፊልም ልመለከት ነዋ አለች።

ቅዳሜ እውነትም እንደ ሰው ሁሉ ከፍላ ገባች፤ መካከለኛው አግዳሚ ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። እኔም ገባሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ሥዕሉ ድንቅ ነበር። በዴክ ዘመን ዝናብ ይሁን የካሴት እርጅና የማይለይ ግርፍርፍ ውስጥ ነበር ሰው የምናየው። አሁን የተዋናዩ ላብ ይታያል፤ የልጅቷ ጆሮ ጉትቻ ያብለጨልጫል። ሰው አጨበጨበ። ናሎንጎ ፊቷ አልተለወጠም፤ ግን እሷም ጉትቻዋን ስታይ አይቻታለሁ።

ከዚያ የኪጉንዱ ድምፅ መጣ። ገና ከመጀመሪያው፣ ከኋላ የምትስቀው ሰውዬ፣ ሚስትህ ስትጠራህ በጓሮ ስትሮጥ አይቼሃለሁ አለ። ማንም ከኋላ አልሳቀም ነበር። ናሎንጎ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ የኔ ነው አለችኝ። በሉካያ የሚያልፍ አውቶቡስ ቀልዷንም ጭኖ ካምፓላ ያደርስለት ነበር ማለት ነው። ጥቂት ቆይቶ ዘመዶቼን አታኝኩ አለ። ኪጉንዱ ራሱ የጦጣ ጎሳ ነው፤ የምን ዘመድ? የኔ ነው አለች እንደገና። በሦስተኛው የአግዳሚውን ጠርዝ ጨበጠች። ያን ጊዜ ተነስቼ ማሽኑን በሙዝ መጥበሻዬ ባልኩት ብዬ ተመኘሁ።

ሰው ግን ይመጣ ነበር፤ መዋሸት አልችልም። ቀን በቀን ቤቱ ሙሉ ነው። ሁለተኛ ጊዜ የገባው ግን ቀልዱ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቃል ሲመጣ አይስቅም። አንዳንዱ ቀድሞ ይለውና ኪጉንዱ ከኋላው ይደግመዋል። ጆሮዋ የደከመ አንዲት አሮጊት ምን አለ፣ ምን አለ ብላ ጠየቀች፤ ማሽኑ መንገዱን ቀጠለ። ከእኛ ወገን ማንም ሰው ሲጠይቅ ዝም ተብሎ አይታለፍም። አንድ ቀን ደግሞ ድምፁ ሲንኮሻኮሽ ሰቡንያ ከማሽኑ ጀርባ ያሉትን ገመዶች ነካካ፤ ነጭዋ ስትነቀል የኪጉንዱ ድምፅ ድርግም ብሎ ጠፋ፣ ዘፈኑና የህንዶቹ ጩኸት ግን እንዳለ ቀረ። ቶሎ መልሶ ሰካት። ናሎንጎ አጣጥፋ የነበረውን እጇን ፈታች።

ቀጣዩ ቅዳሜ የመጣው ፊልም ረጅም፣ በሁለት ሲዲ የተከፈለ የህንድ ፊልም ነበር። አባቱ የሞተበት ልጅ አለ። የአባቱ ወንድም እናቱን ከቤት ያስወጣታል፤ እሷ ተንበርክካ እግሩን ትነካለች፣ እሱ በጣቱ በሩን ያሳያታል። ኪጉንዱ በዚህች ሴት እንባ ላይ ቀለደ፤ ጣራው ያፈስስ ነበር እንዴ አለ። አንዳንድ ሰው ሳቀ። ከፊት ወንበር የተቀመጠው ሉታያም ሳቀ። ናሎንጎን ለማየት አፈርኩ።

በመጀመሪያው ሲዲ ልጁ የዓሣ ጎሳ ነው ተብሎ ነበር። ጃጃ ሙቢሩ በዚህ በጣም ተደስተው ነበር፤ የከተማችን የዓሣ ጎሳ ታላቅ ናቸው፣ ጃጃ የምንላቸውም አያት እንደማለት ነው። ልጁ በተደባደበ ቁጥር በከዘራቸው መሬቱን ይመታሉ። ከዚያ ሁለተኛው ሲዲ ገባ። ኪጉንዱ ሁለተኛውን በሌላ ቀን ቀርጾት ይሆናል፣ ወይ ጠግቦ፣ ወይ ቸኩሎ፤ ብቻ ረስቷል። ሠርጉ ደረሰ፣ አበባው ተነሰነሰ፣ የሙሽሪት አባት ብቅ አለ። «ይህ የዓሣ ጎሳ የተከበረ ሰው ሴት ልጁን ሊድር ነው» አለ ድምፁ።

ጃጃ ሙቢሩ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«አቁመው» አሉ። «ልጄን ከልጄ ጋር ሊያጋባ ነው። አቁመው።»

ሰቡንያ ተደናግጦ አንዱን ቁልፍ ሲነካ ወደ ኋላ ሄደ። ኪጉንዱ ደገመው፤ የዓሣ ጎሳ የተከበረ ሰው ሴት ልጁን ሊድር ነው። እንደገና ነካ፤ እንደገና ዳራት። ሰው ሁሉ ቆሞ ወደ ማሽኑ ይጮሃል፣ አባቱን ለውጥ፣ ሌላ ጎሳ ስጠው እያለ፤ ማሽኑ እንደሆነ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው። ከዓሣ ጎሳ የሆኑ ሴቶች የልጆቻቸውን ዓይን እየሸፈኑ ወጡ። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ መካከለኛው አግዳሚ ዞረ።

«ናሎንጎ፣ አንድ ነገር በይ እንጂ» አለ ሥጋ ሻጩ።

«እኔ ከፍዬ የገባሁ ሰው ነኝ» አለች። «ማሽኑን ጠይቁት።»

ጃጃ ሙቢሩ ወጡ፤ ከእሳቸው ኋላ ሌላው ወጣ። ሙሽሮቹ ባዶ ቤት ውስጥ ተጋቡ።

እሑድም፣ ሰኞም የገባ ሰው ቁጥሩ ያሳፍር ነበር። ማክሰኞ ሉታያ ወደ ጓሮ መጣ። ናሎንጎ ማቶኬ ትልጥ ነበር፤ ቢላዋዋን አስቀምጣ ተንበረከከች፣ እንደምን አደሩ ሰቦ አለች፣ ተነሳች። እኔ ጨው ልበደር ብዬ ገብቼ ነበር፤ ጨው እንኳ ነበረኝ። ተመለሽና ተርኪ አላት። መቼም የሰው ልጅ ስለሆነ ማፈሩ አይቀርም፣ ዓይኑ ማቶኬው ላይ ነበር። እሷም ምን እንደምትፈልግ ነገረችው፤ ማሽኑ ይቆያል፣ ሰቡንያም ማሽኑን ይዞ ይቆያል፣ ኪጉንዱ ግን ይሄዳል፤ ክፍሏም ክፍሏ ነው። ሉታያ ሁሉንም እሺ አለ። ሊወጣ ሲል ግን በሩ ላይ ዞሮ፣ ቤቱ የጎሳው መሆኑን እንዳትረሺ፣ ለጊዜው ነው አላት።

ይህች ለጊዜው የምትባል ነገር ከእሷ ይልቅ እኔን አንገበገበችኝ። ሌላ ማሽን፣ ሌላ የማሳካ ልጅ በመጣ ቁጥር ልትባረር ነው ማለት ነዋ። ደግሞ ለምን ያንን ማሽን አልጣልሽውም አልኳት፤ እልህ ያዘኝ። ሳቀችብኝ።

«ሥዕሉ ምን አደረገኝ?» አለች። «የጠላሁት አፉን ነው።»

ቅዳሜ ያው ፊልም እንደሚታይ ነገረች። ሰው ከበር አልፎ እስከ ሙዝ መጥበሻዬ ድረስ ቆመ፤ እኔም ከሰሉ ላይ ውሃ ቸልሼ ገባሁ። ሉታያ ረጅም ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ላዩ ላይ ኮት ደርቦ ከፊት ተቀምጧል። ናሎንጎ ማይኩን ከመቀነቷ ፈትታ አወጣች። ከማሽኑ ጀርባ ዞረችና ነጭዋን ገመድ ነቀለቻት፣ ለሰቡንያም አስጨበጠችው። ምን ላድርጋት አላት። ልብስ አስጣባት አለችው።

ኪጉንዱ ጠፋ። የህንዶቹ ከበሮ ብቻ ቀረ፤ ላዩ ላይ የእሷ ድምፅ መጣ፣ ትንሽ ሻከር ያለ፣ የምናውቀው።

«ጃጃ ሙቢሩ» አለች ልጁ ብቅ ሲል፣ «ይህን ልጅ ልስጥዎ ወይስ ተቀይመውኛል?»

«ስጪኝ» አሉ ጃጃ፤ «ልጅቷን ግን ለሌላ ስጪያት።»

«ልጅቷ ነብር ናት። ተስማማን?»

ተስማማን። ቤቱ ሞቀ። የሚያኝከው ያኝካል፣ እሷም ለዘመዶቿ ታለቅሳለች፤ አሮጊቷ ምን አለ ስትል ሥዕሉ ይቆምላትና ይነገራታል። እንዲህ እየሆነ ያ የቤት ማስወጣት ደረሰ። መበለቲቱ ተንበረከከች። ናሎንጎ ሴትዮዋ ፌንጣ ናት አለች። ሰውዬው እጁን ዘርግቶ በሩን አሳየ። እዚህ ላይ ለሰቡንያ ምልክት ሰጠችው፤ ሥዕሉ ቆመ።

በዴክ ዘመን ፊልም ስታቆም ሥዕሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በመሃሉም ነጭ መስመር ይሮጣል። ይህ ግን አንዳች አልተነቃነቀም። የሰውዬው ጣት፣ የጥፍሩ ጥቁረት፣ ቀለበቱ ጭምር ይታያል፤ የፈለግነውን ያህል ልናየው እንችላለን። ማሽኑን ለምን እንዳልጣለችው ያን ጊዜ ገባኝ።

«ይህን ሰውዬ እስካሁን ጎሳ አልሰጠሁትም» አለች። «የወንድሙ ሚስት ናት። ባሏ ሞቷል፤ ልጆቿን የወለደችለት እዚህ ቤት ነው። ከጎሳችን አይደለሽም ውጪ እያላት ነው። የማን ልጅ ልበለው? ዓሣዎች፣ ትወስዱታላችሁ?»

«የኛ አይደለም» አሉ ጃጃ ሙቢሩ።

«እንጉዳይ?»

እንጉዳዮች በአንድ ድምፅ አይደለም አሉ። ነብሮቹም አልወሰዱትም። ጦጣዎቹ፣ በየፊልሙ ሌባውም ቀጣፊውም የእነሱ የሚሆንባቸው፣ ይህንንስ ለጠላታችንም አንሰጥም ብለው አሳቁን። ከዚያ ሳቁ እየቀነሰ ሄደ፤ ያልተጠራ ማን እንደቀረ ሁሉም አውቋልና። በቤቱ የነበሩ የዝሆን ልጆች መሬት መሬት ያያሉ።

ናሎንጎ ማይኩን ይዛ ወደ ፊት ወንበር ሄደች፤ ሉታያ ፊት በወጉ ተንበረከከች።

«ሰቦ ሉታያ፣ እዚህ ካሉት ዝሆኖች ታላቁ እርስዎ ነዎት» አለች። «እኔ ፌንጣ ነኝ፣ ስለ ዝሆን መናገር አይገባኝም። ይህ ሰውዬ የእናንተ ነው?»

ሉታያ ወደ ቴሌቪዥኑ አየ። የሰውዬው ጣት አሁንም በሩን ያሳያል። ወደ ኋላ ዞሮ እኛን አየ፤ የገዛ ዘመዶቹን አየ። ኮቱን አስተካከለ።

«የኛ አይደለም» አለ።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም፣ ሰቦ።» ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋችለት፤ ከእጇ ግን አልለቀቀችውም።

«የኛ አይደለም» አለ፤ ድምፁ ቤቱን ሞላው። «የዝሆን ልጅ የወንድሙን ሚስት ከቤቷ አያስወጣም።»

«ሰምታችኋል» አለች ናሎንጎ። ተነሳች፣ ጉልበቷን አራገፈች፣ ሰቡንያን ቀጥል አለችው።

ሉታያ ከዚያ ወዲህ ስለ ቤቱ አንስቶ አያውቅም፤ ሲዲው ሄዶ ሌላ ማሽን መጥቶም። ያን ፊልም አሁንም በበዓል ቀን እናየዋለን። ልጁ ዓሣ ነው፣ ልጅቷ ነብር፣ እናቲቱ ፌንጣ። ሰውዬው ግን እስከ ዛሬ ጎሳ የለውም።